ባል ማለት

የባሌ ተዝካር እንደወጣ ታላቅ ወንድሙ ሽማግሌዎች ይዞ ደጄ ላይ ተቀመጠ። ልጅ አልወለድንምና መሬቱን ፈልጎ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደብተራ ነበሩ።

«ልጄ፣ ባል የምንለው በግእዝ በዓል ነው። ጌታ፣ ባለንብረት ማለት ነው። ጌታው ከሞተ መሬቱ ለወንድም ይመለሳል» አሉኝ።

ግእዙ እውነት ነው። ያን መሬት ግን ከባሌ ጋር እኩል ነው ያቀናሁት። አባቴ ዳዊት አስደግመውኝ ነበርና ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ነፍሱን ይማረውና፣ እንግዳ ሲመጣ ‹ባለቤቴን ጥሯት› ይል የነበረው ማንን ነው? ቃል ርስት የሚሰጥ ከሆነ ለእኔም ይስጠኝ። በመጽሐፍ በኣል የጣዖት ስም ነው፤ እሱን ለምን አልጠቀሱልኝም፣ አባ?»

የባሌ ወንድም ሳቀ። «ዳዊት ደግማ ልትገዝተን ነው» አለ።

አስታረቅን ብለው ከወንዙ ዳር ያለውን፣ ጎርፉ ሲሸሽ ሽምብራ የምንዘራበትን ለእሱ ሰጡት። ለእኔ ጎርፍ የማይደርስበትን ጉብታ ተዉልኝ።

ወረታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ይህን ሰምተው፣ «ዐረቦችም ባልን በዕል ይሉታል» አሉኝ። «እንደ አንቺ ጉብታ ወንዝ ሳይነካው ዝናብ ብቻ የሚጠጣ መሬትንም እንደዚያው በዕል ይሉታል።»

ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ዝናብ ቶሎ ባቋረጠ ዓመት ጤፌ ቆሞ ይደርቃል፤ ታች፣ ባሌና እኔ ባቀናነው መሬት ላይ፣ የወንድሙ ሽምብራ ያብባል።