ምራቂ የተጫነበት ላፕቶፕ

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ ከተበላሹ ማሽኖች ነው የተማርኩት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሌላውን ያቃተ ላፕቶፕ መጨረሻው የእኔ ጠረጴዛ ነው። እውነት ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት ከቡሬ መጣች። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ በጋቢዋ ሸፍናዋለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ትቀመጣለች። የፈተናው ፕሮግራም የሚከፈተው አስቀድማ ባስመዘገበችው በዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ካመለጣት ዓመት መጠበቋ ነው። የሞባይል ዳታ በዚያ ሰሞን አይሠራም ነበር፤ ላፕቶፑም የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ያለው ተስፋ የሱቄ ዋይፋይ ነው።

ዋይፋዩን ግን አልይዝ ብሏል። በጎኑ ያለችውን የዋይፋይ ማብሪያ ስትገፋት መብራቷ ሰማያዊ ትሆንና ወዲያው ወደ ቀይ ትመለሳለች፤ ቀይ ማለት ዋይፋዩ ጠፍቷል ማለት ነው። ቡሬ ላይ፣ ማብሪያዋ ተቃጥላለች፣ መለወጫው ከባሕር ዳር ይምጣ ብለዋታል።

እኔ ማብሪያዋን አልፈታሁም። የተቃጠለች ብትሆን ጭራሽ አትበራም፤ ይህች ግን በርታ ነው የምትጠፋው። አንድ የሚያበራት፣ አንድ የሚያጠፋት አለ ማለት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ገብቼ ሳይ ማብሪያዋን የሚያዙ ሁለት ፕሮግራሞች፣ ማለትም ድራይቨሮች፣ ተጭነዋል፤ አንዱ የላፕቶፑ የራሱ፣ ሌላው ለሌላ ዓይነት ላፕቶፕ የተሠራ።

ማን እንደጫነው ጠየቅኋት። ቡሬ ገበያው አጠገብ የሚሠራ ጠጋኝ ነው አለችኝ። ደወልኩለት።

«ይህን ሁሉ ድራይቨር ምን ብለህ ነው የጫንክባት?»

«ደንበኛዬ ናት፣ አባባ። ምራቂ ነው።»

«ጤፍ መሰለህ እንዴ?»

ሳቀ። ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ ነው የጫነላት። በእኛ ገበያ ሰፍሮ ሲያበቃ ከላይ እፍኝ የማይጨምር ነጋዴ ስሙ አያምርም፤ እሱም ያንኑ ማድረጉ ነው።

ትርፉን ድራይቨር አጠፋሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ ቁጭ ብሏል፤ መጫኛ ፋይሉ ውስጥ ስለቀረ ማሽኑ ራሱ መልሶ ጭኖታል። መምህርቷ ሰዓቷን አየች።

«ካልሆነ አይድከሙ፣ ጋሼ። ዕድሌ ነው።»

«እኔ የምነካው ድራይቨር ነው እንጂ ዕድልሽን አይደለም። ቁጭ በይ።»

በሁለተኛው ዙር ድራይቨሩን ከነመጫኛ ፋይሉ ነቀልኩት፤ ማሽኑም በራሱ ምንም እንዳይጭን ዘጋሁበት። ከፈትኩት። ማብሪያዋን እሷው እንድትገፋት ነገርኳት። መብራቷ ሰማያዊ ሆነች፤ እንደዚያው ቀረች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጓዳ አስገባኋት። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡትን ነገ ተመለሱ ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስትወጣ ፊቷ ደክሞ ነበር፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ሰዓት እንደቀደማት ነግራኝ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

በኋላ ማለፏን ሰማሁ። ያጠናችው እሷ ናት። ፈተናው ላይ ያስቀመጥኳት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንን ለማንም አልለቅም።