ስምንቱ ባዶ ደረሰኞች

እንሻራህ ልጇን ራንዳን ስትድር፣ ማቀዝቀዣው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ አሥራ ሁለት ብርድ ልብስና ማንም የማይበላበት የሸክላ ሰሃን በሦስት መኪና ተጭኖ፣ ጥሩምባ እየተነፋ ማሐላ በምትባለው ከተማ ሰፈሩን ሁለቴ ዞረ። ጎረቤቱ በመስኮት ሆኖ ቆጠረ። ባሏ የሞተባት እናት ልጇ እንዳታፍር ብላ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

ዕቃውን በዱቤ የሰጣት ሐጅ መኽሉፍ ግን "ገንዘብ በአደራ ተቀብያለሁ" የሚል ስምንት የአደራ ደረሰኝ አስፈርሟታል። የደረሰኙን ገንዘብ ያልመለሰ ይታሰራል። የገንዘቡ ቦታ ደግሞ ባዶ ነበር። እዚያ ሰፈር ሁሉም እንዲያ ነው የሚፈርመው፤ "ቁጥሩን ጻፍበት" ማለት ሰውየውን ሌባ ከማለት ይቆጠራል።

ሁለት ዓመት ከስፌት ፋብሪካው ደሞዟ ላይ እየቆረሰች ከፈለች። ሲጎድላት ከሌላ ተበድራ ሞላች። በመጨረሻ ሐጁ፣ "ሃያ አምስት ሺህ ይቀርሻል። አንድ አዲስ ፈርሚና ልታገሥሽ፤ አለዚያ ስምንቱንም ሞልቼ እከስሻለሁ" አላት።

በሴቶች ማኅበር ውስጥ ባለዕዳዎችን የምታማክር ዐፋፍ የምትባል ሴት አለች። እንሻራህ ገና ሳትቀመጥ፣ "ምጽዋት ፈልጌ አልመጣሁም" አለቻት።

"እኔም የለኝም። ያለኝ ወረቀትና እስክርቢቶ ነው። ቁጭ በይ፣ የራንዳ እናት።"

ደሞዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ ጋዙን፣ ዳቦውን ሳይቀር ጻፉ። የከፈለችውን ደመሩ።

"የተስማማችሁት አርባ አራት ሺህ ፓውንድ ነው። ሠላሳ ስድስት ከፍለሻል" አለች ዐፋፍ። "የቀረሽ ስምንት ሺህ ነው።"

እንሻራህ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ ራሷ ደመረችው። ደግማ ደመረችው። ፊቷ ቀላ።

"በወር አንድ ሺህ ትችያለሽ፤ ዕዳ በዕዳ መክፈል ካቆምሽ። ለእያንዳንዱ ሺህ አንድ ደረሰኝ ይመልስ። ያለ ምስክር ሳንቲም እንዳትሰጪው።"

"ቢያሳስረኝስ?"

"እስር ቤት ሆነሽ በምን ትከፍይዋለሽ? እሱም ያውቀዋል። ፍርድ ቤት ከሄደም የማኅበሩ ጠበቃ ይቆምልሻል። አዲስ እንዳትፈርሚ ብቻ!"

በማግስቱ ቀትር ላይ አብረው ሄዱ። ሱቁ ውስጥ አንዲት እናት ከሙሽራ ልጇ ጋር ብርድ ልብስ ትመርጣለች። ሐጁ እስክርቢቶውን ዘረጋ።

"አልፈርምም" አለች እንሻራህ። "ይኸው አንድ ሺህ። አንዱን ደረሰኝ መልስልኝ።"

"ኧረ! የራንዳ እናት ሀብታም ሆነች?"

"ደሃ ነኝ። መደመር ግን አያቅተኝም። የቀረህ ስምንት ሺህ ነው።"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሴትዮ። ሰው አለ።"

"ሰው ስላለ ነው በዚህ ሰዓት የመጣሁት!" ወደ ሙሽራዋ እናት ዞረች። "እህቴ፣ ባዶ ወረቀት እንዳትፈርሚ። እኔ ስምንት ፈርሜ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ።"

ሴትየዋ ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

ሐጁ ዐፋፍን አየ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ደንበኞች አየ። እየተራገመ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት ወረወረላት። እንሻራህ ፊርማዋን ለይታ እስክታውቅ አልቸኮለችም። ከዚያ ዐይኑ እያየ አራት ቦታ ቀደደችው።

"ሰባት ቀረ" አለች። "በወሩ መጀመሪያ እመጣለሁ፤ እንዲሁ በቀትር፣ ሱቅህ ሰው ሞልቶ እያለ።"