ምንም ያልሆነበት ተረት

ልጅ ሳለሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እንደ ዓመት በዓል እጠብቀው ነበር። ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አምስት ፎቅ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ፀሐይ ጥልቅ ስትል መብራቱ ድርግም ይልና ከላይም ከታችም ያሉ ጎረቤቶች በአንድ ድምፅ ያጉረመርማሉ፤ እኔና ታናሽ እህቴ ሳምሪ ግን በደስታ እንዘላለን። መብራት ከጠፋ ቴሌቪዥን የለም፤ ቴሌቪዥን ከሌለ ደግሞ አባባ ተሰማ ተረት ያወራሉ።

አባባ ተሰማ የእናቴ አጎት ናቸው። እሷን ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ለእኛ አያታችን ነበሩ። በአገር ቤት በወታደርነት ዘመናቸው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ወጥተው ናይሮቢ የገቡ ሰው ናቸው። ያኔ እኔ የማውቃቸው ግን ሳሎናችን ውስጥ ሶፋ ላይ የሚተኙ፣ ስዋሂሊያቸው ከ«ሀባሪ» እና ከ«ፖሌ ፖሌ» የማያልፍ፣ እንዲያም ሆኖ ከሰፈሩ በቆሎ ሻጭ ጋር ግማሽ ሰዓት ቆመው የሚጫወቱ ሽማግሌ ሆነው ነው። በምን ቋንቋ ይግባቡ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መብራት ሲጠፋ በረንዳው ላይ ጂኮ የምንላትን የከሰል ምድጃ ያቀጣጥላሉ፣ በቆሎውን በእጃቸው እያገላበጡ ይጠብሳሉ፣ በግማሽ ሎሚ በርበሬ እያስነኩ ያሹልናል። የፋኖሱ ብርሃን የፊታቸውን አንድ ወገን ብቻ ያሳያል። ጭሱ ወደ እኛ ሲዞር ዓይናችንን እያሸን ቦታ እንቀያየራለን፤ ከታች ከመንገዱ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ሙዚቃና የረዳቶቹ ጩኸት ይሰማል፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፣ መስማት የፈለገ ራሱ ይጠጋል። ጅቡን፣ አህያዋን፣ ዝንጀሮውንና የፈጣሪን ፍርድ የሰማሁት እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ተረቶቻቸው ሁሉ ጥሩ ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር።

ያ አንዱ የነብሩ ተረት ነው። አንድ ገበሬ ነብር ያሳድግ ነበር፤ ሌሊት ከብቶቹን ከጅብ ይጠብቅለታል፣ ቀን ጓዳ ተኝቶ ይውላል። ገበሬው ለመጣው ለሄደው ሁሉ «የእኔ ነብር ለማዳ ነው» እያለ ይኩራራል። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ገበያ ሄደው ልጅቱ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቤት ቀረች። ጦጣ በመስኮት ብቅ አለችና «ይሄ ነብር እኮ ከሞተ ቆየ፤ ካላመናችሁ ጅራቱን ሳቡት» አለቻቸው። ወንድሟ እጁን ዘረጋ።

እዚህ ላይ ትንፋሻችንን እንይዛለን። አባባ ግን በቆሎውን አንዴ አገላብጠው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ይጨርሱታል። ልጅቱ ከጦጣዋ ጋር አልተከራከረችም። ነብሩን አልነካችም፤ ላባረውም፣ ልሸፍነውም አላለችም። የወንድሟን እጅ ይዛ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ደጅ ቆማ ትልቅ ሰው ጠራች።

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ ትልቅ ሰው መጣ።»

«ነብሩስ?»

«ተኝቷል።»

«ምንም አልሆነም?»

«ምንም አልሆነም።»

ሳምሪ ፀጉሯን እየነጨች «አባባ፣ ቦሪንግ ነው!» ትላለች። እውነቷን ነበር። ማንም የማይበላበት፣ ማንም የማይቀጣበት፣ ነብሩ እንኳ የማያዛጋበት ተረት ምን ይባላል? እሳቸው ግን ከሌላው ተረት ሁሉ ይህንን ያዘወትሩ ነበር። የባሰው ደግሞ፣ ሲጨርሱ እንደ አስተማሪ ያስደግሙናል፤ «ልጅቱ ምን አደረገች?» ሲሉን «እጁን ይዛ ወጣች፣ ዘጋች፣ ጠራች» እያልን በስልቹ ድምፅ እንወጣዋለን። እናቴም ይህ ተረት ሲጀመር በቆሎዋን እንደያዘች ተነሥታ ወደ ውስጥ ትገባለች። እሷም እንደ እኛ የሰለቻት ይመስለኝ ነበር።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሳምሪ ደግሞ አምስት ሆኗት ሳለ፣ አንድ እሑድ አቶ ብርሃኑ የሚባሉ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ለምሳና ለጸሎት ተጠሩ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። አባቴ ሥራ ካጣ ወራት ሆኖት ነበርና ዌስትላንድስ ባለው ቢሮአቸው ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለታል። እናቴ ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ አመሸች። እኛም በበዓል ልብሳችን ተቀምጠን እንዳንቆሽሽ ስንጠበቅ አረፈድን።

እኛ ቤት እንግዳ ኮቱን ለብሶ አይቀመጥም። ኮቱን ያላወለቀ እንግዳ ወይ ለመሄድ ቸኩሏል፣ ወይ ቤቱ አልተመቸውም። ስለዚህ ኮት መቀበል የእኔ ሥራ ነበር፤ በሁለት እጄ ተቀብዬ እናትና አባቴ አልጋ ላይ አነጥፈዋለሁ። አቶ ብርሃኑ ግን «ግድ የለም፣ ይሁን፣ ይሁን» አሉ።

«ኧረ በሞቴ! ቤትዎ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ። «ማሂ፣ ተቀበያቸው እንጂ!»

አቶ ብርሃኑ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። አንድ ነገር ሊሉ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ሱቃቸው ሁለት ጊዜ ስለተዘረፈ በሕግ ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ ይይዙ ነበር፤ ሆኖም ለጸሎት በተጠሩበት ቤት፣ ሴቶችና ሕፃናት ፊት፣ «መሣሪያ ይዣለሁ» ማለት አሳፈራቸው። እናቴም ለምን አመነቱ ብሎ መጠየቅ አሳፈራት። አባባ ተሰማ ያን ሰዓት በረንዳው ላይ ምድጃውን እያራገቡ ነበርና አላዩም። ኮቱን ተቀበልኩ። በአንድ ወገን ይከብድ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ ብዙ ነገር ይይዛሉ ብዬ አሰብኩና አልጋው ላይ አነጠፍኩት።

ከምሳ በኋላ እኛ ልጆቹ እንዳንረብሽ ወደ መኝታ ቤት ተላክን፣ ጸሎቱም ተጀመረ። የአባቴ ጸሎት ድሮም አጭር አይደለም፤ ያን ቀን ደግሞ የሥራው ጉዳይ ስላለበት የባሰ ረዘመ። ሳምሪ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ትዘል ጀመር። ሁለት ሦስቴ ስትዘል ኮቱ ተንሸራተተ፣ ከውስጥ ኪሱም አንድ ጥቁር እጀታ ብቅ አለ።

«ማሂ፣ ቶይ ነው አይደል?» አለችና ጣቶቿን አሳረፈችበት።

መጫወቻ አለመሆኑን አውቄያለሁ። ግን የመጀመሪያ ሐሳቤ ሰው መጥራት አልነበረም። ነገሩን ቀስ ብዬ ወደ ኪሱ ልመልሰው፣ ኮቱን እንደነበረ ላስተካክለው ነበር ያሰብኩት። እንግዳው እንዳያፍሩ፣ የአባቴ ሥራ እንዳይበላሽ፣ ጸሎቱ እንዳይቋረጥ። በእኛ ቤት በጸሎት መሐል መጮኽ ከስርቆት እምብዛም አያንስም። በዘጠኝ ዓመቴ ይሉኝታ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር። እጄንም ዘርግቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ያዳነን ብልጠቴ አይደለም። ያን አሰልቺ ተረት መቶ ጊዜ ስላስደገሙን ብቻ፣ እጄ ከሽጉጡ ይልቅ የሳምሪን እጅ ያዘ። ጎትቼ ሳወርዳት ለቅሶዋን ለቀቀችው። ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ባለ በሌለ ኃይሌ «አባባ!» ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ «ጌታ ሆይ፣ በር ክፈትልን» ሲል ነበር የደረስኩበት። ዓይኑን ገልጦ አፈጠጠብኝ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ ያ ማለት እንግዳው ይሂድ እንጂ ታገኚያታለሽ ማለት ነው። አባባ ተሰማ ግን ዘግቼ የቆምኩበትን በር ሲያዩ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

«የት?» አሉ።

«አልጋው ላይ። ኮቱ ውስጥ።»

«ነካሽው?»

«አልነካሁም። ሳምሪ ግን ጣቷን…»

የቀረውን አልሰሙም። ብቻቸውን ገቡ። ሲወጡ ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ ወለሉ፣ ሰው ወደሌለበት ጥግ አድርገው፣ ጣታቸውን ከምላጩ አርቀው ይዘውት ነበር። እኒያ ሁልጊዜ በቆሎ ላይ የሚንቀጠቀጡ እጆች ያን ሰዓት ቀጥ ብለው ነበር።

አቶ ብርሃኑ ፊታቸው ደም መሰለ። «ባዶ ነው አባባ፣ አይስጉ። የጥይት መያዣውን አውጥቼ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ነው ያደረግኩት» አሉ።

አባባ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቡት። ከውስጡ አንዲት ጥይት ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፣ ተንከባልላም የሳምሪ ባዶ እግር ጋ ቆመች።

አባቴ ጸሎቱን በአሜን እንኳ አልዘጋውም።

«ጎርሷል» አሉ አባባ። «መያዣውን አወጣህ፤ የጎረሰውን ግን ረሳኸው። ‹ባዶ ነው› የሚባለው ከፍቶ፣ በዓይን አይቶ፣ ጣት ከትቶ ነው እንጂ በተስፋ አይደለም ልጄ።»

«አባባ፣ እንግዳ ናቸው እኮ…» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንጀራህ በእጁ መሆኑንም አውቃለሁ» አሉት። ከዚያ ወደ አቶ ብርሃኑ ዞሩ። «ሽጉጡ ለብቻ ይቆለፍ፣ ጥይቱ ለብቻ ይቆለፍ፣ ቁልፉ ከአንተ አይለይ። ሰው ቤት ስትሄድ በር ላይ ተናገር። ብታፍር ለአንድ ደቂቃ ነው።»

አቶ ብርሃኑ ጥይቷን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ፤ ሦስቴ አመለጠቻቸው። «ይቅር በሉኝ» አሉ፣ ለአባባ ሳይሆን ለእኔ። እናቴ ሳምሪን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ጎረቤት ሲሰማ የመጣው ምክርና ተግሣጽ ብዛቱ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ከእሷ ግን ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልሰማሁም። አባቴ ሥራውን አገኘ። አቶ ብርሃኑም ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሲመጡ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ዛሬ ምንም አልያዝኩም» ይሉ ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። ሳምሪ ዛሬ ስትጠየቅ የምታስታውሰው ክንዷን እንደመነጨቅኳት ብቻ ነው።

አባባ ተሰማ ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ ስል ነው። ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ገና ሳይመሽ፣ እናቴ በረንዳው ላይ ከእሳቸው በርጩማ አጠገብ ተቀመጠች። ሳልጠይቃት ጀመረችው።

«ኤልያስ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ስምንት። የግምጃ ቤቱን መሣሪያ ሁሉ ቆልፈው፣ ቆጥረው፣ ፈርመው ደክሟቸው መጡ። የራሳቸውን ሽጉጥ ትራስ ሥር አድርገው ሊታጠቡ ገቡ። ኤልያስ አወጣው።» ነጠላዋን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «እኔ… እንዳይቆጡን ብዬ፣ ቀምቼው ቦታው ልመልሰው አልኩ…»

እጄን ጭኗ ላይ አሳረፍኩ። ነጠላዋን ከጣቷ ፈትታ «አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም» አለች። «የራሴ ጥፋት ነው ብለው አሳደጉኝ።»

ያኔ አለቀስኩ። ለአባባ ሞት ያላለቀስኩትን ያህል ያን ሰዓት አለቀስኩ። በየምሽቱ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ልጃቸውን ከዚያ ክፍል እጁን አስይዘው ያስወጡት ነበር። የስምንት ዓመቷን ልጅም አብረው ያስወጧት ነበር። እሷ ደግሞ ያንን ቁጭ ብላ መስማት ስለማትችል፣ በቆሎዋን ይዛ ትገባ ነበር። እኔና ሳምሪ ነብሩ ቢነቃ ኖሮ ብለን እንመኝ ነበር።

አሁን እዚያው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ነው የምኖረው፤ የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ሰው ቤት ልትጫወት ከመሄዷ በፊት ለልጆቹ እናት ደውዬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ በደወልኩ ቁጥር ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ባለፈው ወር ልጄ ለልደት ተጠርታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ስጦታዋን ታቅፋ ስትቁነጠነጥ ለባለ ልደቱ ልጅ እናት ለሰላም ደወልኩ።

«ሰላም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ሽጉጥ ምናምን?»

ሳቀች። «ምን ነካሽ ማሂ? እኛን ማን አስመስለሽ ነው?»

«ሁሉንም ቤት ነው የምጠይቀው፤ አትቀየሚኝ።»

«ኧረ እኛ ቤት…» አለችና ቆመች። በስልኩ ውስጥ ልጆች ሲጯጯሁ ይሰማኛል። «ቆይ እስቲ፣ ባለቤቴን ልጠይቀውና መልሼ ልደውልልሽ።»

ልጄ «ማሚ፣ ዊ አር ሌት!» እያለች እጄን ትጎትታለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኩ ሲጠራ አነሣሁት፤ የሌላ ሰው የሚመስል ድምፅ ነው።

«ማሂ፣ አለ። ሁለት ዓመት ሆኖታል አለኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልጆቹ ብርድ ልብስ ሥር። እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምከፍተው። እነሱም…» አልጨረሰችውም። ከኋላዋ የባሏ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያም የብረት በር ሲዘጋ። «አሁን ጥይቱን አውጥቶ ለብቻ ቆለፈ፤ ሽጉጡንም ባዶ መሆኑን ከፍቶ አሳይቶኝ፣ መኪናው ውስጥ ካለው የብረት ሣጥን አስገብቶ ቆለፈው። እያየሁት ነው። ቁልፎቹን ለእኔ ሰጥቶኛል። አምጪያት።»

ወሰድኳት። ሰላም በሩ ላይ አቅፋኝ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም፤ ውስጥ ሰባት ስምንት ልጆች በየክፍሉ እየሮጡ ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር።