መቀሱ የማን ነው?

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ የአክስቴን የሆድ ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሣው መቀስ አየን። ሙሉ መቀስ፣ ከነጣት ማስገቢያው።

አክስቴ እትዬ አስካለ ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን የመጡት፣ ሌላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዳቸውን ስለወጋቸው ነው። «ጨጓራ ነው» እየተባሉ ሽሮፕ ሲጠጡ ኖሩ።

ወጣቱ ሐኪም አፈረ። «ውጭ አገር'ኮ እማማ፣ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ ካሜራና ኮምፒዩተር የመሣሪያውን ጫፍ ይከታተላሉ። ሰውነት ውስጥ የት እንደደረሰ በስክሪን ይታያል» አላቸው።

«እኛ የበጋችንን ጆሮ ሰንጥቀን ምልክት እናደርጋለን፤ ቢጠፋ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የናንተ መቀስ ምልክት የለውም ልጄ?» አሉት አክስቴ።

ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገው ሆስፒታል ደወልኩ። «የኛ ዕቃ ሙሉ ነው፤ የጎደለ የለም» አሉኝ። እንግዲህ አክስቴ ውጠውት ይሆናል።

ሐኪሙ መቀሱ በቀዶ ሕክምና በቶሎ መውጣት እንዳለበት፣ አለዚያ አንጀታቸውን እንደሚበሳ ነገራቸው።

«ሌላ ረስታችሁ ጥንድ ልታደርጉልኝ? መቀሱ የኔ ነው የሚል ሰው ሳይመጣ ቢላችሁ ሥር አልተኛም!»

ለመንናቸው፤ እምቢ አሉ። አሁን መናኸሪያ ነን። ራጁን ታቅፈው የሞላሌን መኪና ይጠብቃሉ።

የሐኪም ዕቃ ሆዱ ውስጥ የተገኘበት ዘመድ ያላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። የኔ ነው ያለ ሰው ተገኝቶ ነበር?