ፊቴን እያዩ የሚያስተካክሉት ኦርጋን

አያቴ ወረታ ባለው ቤታቸው ከእንጨትና ከሸምበቆ በእጅ የሚዘወሩ ትንንሽ ኦርጋኖች ይሠሩ ነበር። በስተርጅና ጆሯቸው ሲደክም መዘውሩን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ስዘውር እሳቸው ፊቴ ሲኮሳተር ያዩና የሳተውን ድምፅ ያውቁታል።

አንድ ቀን እንዳይደክሙ ብዬ፣ ድምፁ ሳይስተካከል ፈገግ አልሁ።

«አንች ልጅ፣ ለእኔ አዝነሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ለእኔስ አትዘኝ። ነገ ለሚሰማው ሰው እዘኝለት» ብለው ሸምበቆውን ነቀሉና እንደገና ቀረጹት።

ባለፈው ክረምት፣ የፎገራ ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳለ አረፉ። ከተዝካሩ ማግሥት ያንኑ ኦርጋን ዘወርሁት። አንድም ድምፅ አልሳተም። ቤት ያለው ሁሉ ቀረብ ብሎ ሰማ። እኔ ግን እስኪበቃኝ አለቀስሁ፤ «ተስተካክሏል» የምላቸው እሳቸው አልነበሩም።