የእግሬ እጣቢ

ፈረንጁ ሐኪማችን «ከእንጦጦ ጀርባ ካለው ረግረግ ላይ የባሕር ማዶ ወፎች እየረገፉ ነው አሉ፤ ሄደህ እይና ሁለት የሞቱ ይዘህልኝ ና» ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመገልበጥ በቀር ሥራ የለኝም። አንድ ቀን ከወረቀት መገላገል ለእኔ ዓመት በዓል ነው። ሐኪሙ ሳሙና ሰጠኝና «ከነካሃቸው በኋላ እጅህን በደንብ ታጠብ» አለኝ። ሌላ የነገረኝ ነገር የለም።

ማለዳ፣ ከሾላ ወደ ላይ

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ስሙኒ ከፍዬ እስከ ሾላ በጋሪ ሄድኩ። ከገበያው ሁለት ዳቦ ገዛሁና በእግሬ ወደ የካ አቀናሁ። የአክስቴ የአስካለ ቤት መንገዴ ላይ ስለሆነ ደጇ ላይ ቆሜ ሰላም አልኳት። ልጇ ብርቄ የመጀመሪያዋን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታለች፤ ወሯ ገብቷል። አክስቴ ለአራሷ ብላ ከክረምት ጀምራ ያሳደገቻቸው አሥራ ሁለት ዶሮዎች ግቢውን ሞልተውታል።

«ስትመለስ ሳትገባ ብታልፍ እንቀያየማለን» አለችኝ።

ዳገቱ የዋዛ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ያንሸራትታል፤ ሁለቴ በመቀመጫዬ ተቀምጫለሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኙኝ። አንዷ «ጋሼ፣ የተሸከምነው እኛ፣ የሚያለከልኩት እርስዎ» ብላ ሌሎቹን አሳቀቻቸው። እጄን አንሥቼ አሳለፍኳቸው።

ረግረጉ

ከጋራው ማዶ ወርጄ ሜዳው ላይ ስደርስ ከውኃው ዳር የተሰጣ ልብስ ያየሁ መሰለኝ። ጠጋ ስል ዳክዬና ዝይ ነው። በጀርባው የተንጋለለ፣ ክንፉን እንደዘረጋ የቀረ፣ ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ የገባ። ጆሮዬን የከበደኝ ዝምታው ነው። ያን ያህል ወፍ ተሰብስቦ ድምፅ የሌለበት ቦታ አይቼ አላውቅም።

ከብቶቻቸውን ከውኃው ሲመልሱ ያገኘኋቸው ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ገበሬ ናቸው።

«ከየት ነው የሚመጡት?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ። ክረምቱ ሲወጣ ይመጣሉ፣ በልግ ሲገባ ይሄዳሉ። ሲሞቱ ግን ዘንድሮ ገና ማየቴ ነው።»

«የበላ ሰው አለ?»

«ዳክዬ ደግሞ ማን ይበላል?» አሉና ነውር የተናገርኩ ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

አንዲት ዳክዬ በሕይወት ነበረች። አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ አንድ ቦታ ላይ ትዞራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ማቆም አቃታት። አልቻልኩም፣ ፊቴን አዞርኩ።

ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ላባና ኩስ የተቦካበት ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። ሁለት ዳክዬ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፤ እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ እግሬን በሣር ጠራርጌ ጫማዬን አደረግሁና ተመለስኩ።

አመሻሽ፣ የካ

ጆንያውን ከአክስቴ አጥር ውጭ፣ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር። ገና ከመቀመጤ አክስቴ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ተይው፣ ደክሞሻል» አልኳት።

«ጋራ አቋርጦ የመጣ እንግዳ እግሩን ሳላጥበው? አርፈህ ተቀመጥ።»

በየጣቶቼ መካከል ገብታ አጠበችኝ፤ ስትጨርስ እንደ ደንቡ እግሬን ሳመች። ጠቁሮ የቀረውን ውኃ ከደጃፉ ደፋችው። ዶሮዎቹ ጠምቷቸው ኖሮ ተሻምተው ጠጡት። እኔና ብርቄ ሣቅን።

በአምስተኛው ቀን

ሐኪሙ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «የተለመደው የዶሮ በሽታ፣ ፈንግል፣ አይመስለኝም። ናሙናውን ውጭ አገር ልኬ ነው የማረጋግጠው፤ የምፈራው ግን ኢንፍሉዌንዛ ነው። ያን ጊዜ ከተማውን የፈጀው፣ የኅዳር በሽታ ያላችሁት፣ ዘመዱ ነው። ለመሆኑ ስትመለስ ማን ቤት ገባህ?»

«አክስቴ ቤት።»

«ዶሮ አላት?»

«አላት። እግሬን አጠበችኝ።»

«ውኃውስ?»

«ዶሮዎቹ ጠጡት» ብዬ ብድግ አልኩ። ሐኪሙ ከኋላዬ «እንዳይበሉ! ቅበሩ! ዶሮ አይግባ፣ ዶሮ አይውጣ!» እያለ እየጮኸ ነበር የወጣሁት።

አክስቴ ደጇ ላይ ቢላዋ ይዛ ቆማለች። አላፊ ወንድ እየጠበቀች ኖሯል፤ ሴት አታርድማ።

«እሰይ፣ ወንድ መጣልኝ። ብርቄ ዛሬ ንጋት ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ዶሮዎቹን ፈንግል ፈጃቸው፤ አንዷ ብቻ ቀርታለች፣ ሳትሞትብኝ ቶሎ ባርክልኝ።»

በሌላው እጇ የያዘቻት ዶሮ ከራሷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ጠቁሮ አንገቷ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ አሥራ አንዱ እዚህም እዚያም ወድቀዋል። ቢላዋውን ተቀብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«ሕፃኑን የተቀበልኩት በእነዚህ ነው» አለች። ለልጁ ይተላለፍ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም። እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ፈንግል ነው እንላለን፤ ስምህ አይጥፋ» አለችኝ።

ይህን ብላ ሳትጨርስ ጎረቤቷ ወይዘሮ ተዋቡ ብቅ አሉ። የአክስቴ ዶሮዎች ማለቃቸውን ሰምተው ለአራሷ ዶሮ አቅፈው መጥተዋል። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች፣ እነሱም ዶሮ ይዘዋል። አክስቴ «ግቡ» ማለት ጀመረች። እኔ በሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አይግቡ። ፈንግል አይደለም፣ ሰውም ሊይዝ ይችላል። ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ተዋቡ መጀመሪያ የምቀልድ መሰላቸው። ፊቴን ሲያዩ ዶሮዋን ጠበቅ አድርገው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

አክስቴ «አሁን ልጄን ማን ይጠይቅልኛል?» አለች።

ዶሮዎቹን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬ፣ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ያ ጉዞ ያስተማረኝ፣ በሽታ ማቆም ማለት ሰውን ከሰው ደጅ መመለስ መሆኑን ነው፤ ይህን ሥራ ለጠላቴም አልመኝለትም። እግዜር ይመስገን፣ ብርቄም ልጁም አክስቴም ምንም አልሆኑም። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ግን ከቤቱ ሰዎች ሌላ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።