ለሁለት የገዛናት ምድጃ

ምድጃዋን የገዛናት ለሁለት ነው፤ እኔና የግድግዳ ጎረቤቴ። ጎፋ ውስጥ የቀበሌ ቤት ደርሶን፣ በአንድ ጭቃ ግድግዳ ተለይተን እንኖር ነበር። እሷ የስልጤ ሴት ናት። የሰፈሩ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትቸረችራለች፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ንፋስ ስልክ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በታይፕ ጸሐፊነት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ መምህር ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ “እትዬ” እላታለሁ። እሷ ደግሞ ግቢው ውስጥ በሙሽርነት ስለገባሁ “ሙሽሪት” አለችኝ፤ ሁለት ልጅ ከወለድኩም በኋላ ሙሽሪት እንደተባልኩ ቀረሁ።

ከሰል የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ላምባ በቀበሌው ሱቅ በካርድ ይሰጠናል፤ የአንድ ቤት ድርሻ ግን ወሩን አያደርስም። አንድ ቅዳሜ፣ ከኛ ከፍ ብሎ የሚኖር የውጭ አገር ሰው ጠቅልሎ ሊሄድ ዕቃውን በሩ ላይ ሲሸጥ፣ እትዬ ተጣራችኝ። የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ቆማለች።

“ሙሽሪት፣ ነይ እስቲ እይልኝ፣ ምንድን ናት?”

ሳጥኑን ስከፍተው ሆዷ እንደ ብርቱካን የደበለበለ የነሐስ ነገር አየሁ። ከጎኗ ትንሽ ፓምፕ ወጥቷል፤ ሦስት እግሮቿ ተፈትተው ተኝተዋል። ለመንገደኛ የተሠራች የላምባ ምድጃ ነበረች። ዋጋዋ ለአንዳችን ይከብዳል። ተያየን፣ ለሁለት ከፈልን፣ ላምባችንንም ከዚያ ወዲያ አንድ ላይ አጠራቀምን።

ድስቱ የየራሳችን፣ እሳቱ የጋራ ሆነ። ሥጋ ግን ምድጃዋ ላይ አንሠራም ነበር። የእኔ ወጥ ቢገነፍልባት እሷ ልትነካት ይከብዳታል፤ የእሷም ቢገነፍል እኔን እንደዚያው። ማናችንም ይህን በቃል ተናግረነው አናውቅም። ሥጋ የተገኘ ቀን እያንዳንዳችን ከሰል ፈልገን ጓሮ እንወጣለን፤ ምድጃዋ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ሻይና የልጆች አጥሚት ብቻ። በሷ ጾምም በእኔም ጾም ሳይቸግረን ዓመታት አለፉ።

ከዕለታት አንድ ቀን የባሏ እናት ዓይናቸው መጥፋቱንና ብቻቸውን መቅረታቸውን የሚናገር ሰው ከአገር ቤት መጣ። ባልየው የስፌት መኪናውን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ወሰነ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ የበርበሬው ሚዛን ሳይቀር ተሸጠ። ምድጃዋን ማንም አላነሳም። መጨረሻ ላይ እትዬ ደጃፌ መጥታ ቆመች።

“ምድጃዋን እንዴት እናድርጋት?”

“ውሰጃት፤ የመንገድ ዕቃ ናት” አልኳት።

“አንቺ ያዣት እንጂ። እኔ እዚያ እንጨት አለኝ።”

ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች፣ “እናስገምታት” አለችኝ።

ቃሉ ቅር አሰኘኝ። ግምት የሚባለው ባልና ሚስት ሲፋቱ የሚሰማ ነገር ይመስለኝ ነበር። “እሺ” አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? በማግስቱ ምድጃዋን በሳጥኗ ይዘን በአውቶቡስ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድን። መንገድ ላይ ስለ ልጆቹ ትምህርት ብቻ አወራን።

አሮጌ ዕቃ የሚገዙ አንድ ሽማግሌ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፈቱ። ምድጃዋን ገልብጠው ከሥሯ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

“እዚህ ላይ የሠሪዋ ስም ነበር። ማጠብ ትወዳላችሁ መሰለኝ፤ ስሟን አጥባችሁ ጨርሳችኋል።”

እውነታቸውን ነው። በየሳምንቱ በአመድ ስንፈትጋት፣ ማን ይበልጥ አበራት ብለን ስንፎካከር፣ ጽሑፉን እኛው አጥፍተነዋል። ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ለምንም አይረዳም። ሰውየው ግን ሆዷን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡ፤ የፓምፑን ክዳን ፈትተው አዩ።

“የድሮ ናት። አሁን እንዲህ ወፍራም ነሐስ አያወጡም። አናቷ ግን የሷ አይደለም፤ ከሌላ ምድጃ ተነቅሎ እዚሁ አገር የተገጠመ ነው። እንዲሁ ከሆነ በኪሎ ነው የምገዛት፣ ለአቅላጭ።” በኪሎ የሚሰጡትን ነገሩን፤ ትንሽ ነበር። “የምትነድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዋጋ ነው። አቀጣጥሉልኝ።”

ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አልን። እኔ አናቷ ሥር ያለችው ጽዋ ላይ ሽማግሌው ያቀበሉኝን አልኮል ጠብ አድርጌ ለኮስኩ። እትዬ ፓምፑን ያዘች። ስትሞቅ እኔ ከሳጥኗ ባወጣኋት ቀጭን መርፌ የላምባ መውጫ ቀዳዳዋን ወጋሁ፣ እሷ ገፋች፣ “በቃ” አልኳት፣ አቆመች። ሰማያዊው ነበልባል ተነስቶ ማፏጨት ጀመረ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይ ነበር።

ሰውየው ፈገግ ብለው፣ “የማንኛችሁ ናት?” አሉ።

እኔ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ሌላ ነበር። እትዬ ዓይኗ ስለሚደክም መርፌውን ይዛ አታውቅም። እኔ ደግሞ ትፈነዳለች ብዬ ስለምፈራ ፓምፑን ነክቼው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አንዳችንም ብቻችንን አንድደናት አናውቅም ነበር።

የምትነደዋን ምድጃ ዋጋ ሲነግሩን እትዬ ደነገጠች። በደስታ አልነበረም። “ይቆየን፣ እናስብበት” ብላ ምድጃዋ እስክትበርድ ጠብቃ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው ምስጢሯን ያወጣችው። “ድርሻሽን ይዘሽ ነይ ያለኝ ባሌ ነው። እኔ እኮ የመጣሁት ‘አትረባም፣ ወስዳችሁ ጣሏት’ ይሉናል ብዬ ነው። ያን ብነግረው ላንቺ ትቀር ነበር። አሁን ምን ልበለው?”

ቅሬታዬ ለቀቀኝ። “እኔ ድርሻሽን እከፍልሻለሁ፣ ቀስ ብዬ” አልኳት።

“ተይ! ልጆችሽን አብዪበት።” ትንሽ አሰበች። “ሰውየው የነገሩን ሁለት ዋጋ ነው አይደል? እኔ አንዱን እነግረዋለሁ፤ የኪሎውን። ለዚያች ሳንቲም ድርሻ አይልም። ይሄ ውሸት ነው?”

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሁለት ቀን ነበር የቀራት።

ከሄደች በኋላ ምድጃዋን ብቻዬን ላነድ ስሞክር ቢጫ እሳት እስከ ጣሪያ ብልጭ አለ፤ ጥላሸቱ ግድግዳውን አጠቆረው፤ ያን ቀን የበላነው ሽሮ ላምባ ላምባ አለ። ስንት ጊዜ በሩን ከፍቼ፣ ልጆቹን አስወጥቼ፣ ፊቴን አዙሬ ፓምፑን እንደገፋሁት! ቀስ በቀስ ለመድኩት። እጄ ሲለምድ ግን ያዘንኩ ይመስለኛል።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ባልየው ለሕክምና አዲስ አበባ መጣና እኛ ቤት ጎራ አለ። በደስታ አስቀምጬው፣ ሳላስበው ምድጃዋን ፊቱ አቅርቤ ሻይ ጣድኩ። ነበልባሉ ሲያፏጭ ነው ያደረግኩት የገባኝ። እሱ እሳቱን ያያል።

“ይቺ ናት በኪሎ የምትሸጠው?” አለ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ስኒውን ተቀብሎኝ፣ “እሷ መዋሸት አትችልም እኮ። ግንባሯን ያልባታል። ያን ዕለት ስትነግረኝ ፊቷ ሁሉ ርሶ ነበር” አለ። ሲያወራ ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። “ዝም አልኩ። ከዚህ ለቃ ለመሄድ አልቅሳ ነው የተነሳችው፤ በምድጃ ደግሞ ላስለቅሳት?”

ስለ እትዬ ዓይን ጠየቅሁት። የእንጨቱ ጭስ እንደጎዳት፣ ማታ ማታ ውኃ እንደሚያፈስባት፣ አማቷ ግን ያለሷ እጅ እንደማይጎርሱ ነገረኝ። ምድጃዋን ይወስድላት እንደሆነ ጠየቅሁ። ላምባ እዚያ እንደማይገኝ ነግሮኝ፣ ሁለተኛ ሻይ ጠየቀ። ስኳር ያን ሰሞን ውድ ነበር፤ ያለኝን ለሁለት ከፍዬ ለሷ ቋጠርኩለት። በእጁ መዝኖ ኪሱ ከተተና፣ ሐኪም ቤቱ እንዳይዘጋበት ተጣድፎ ወጣ።